መጀመሪያ ሕጉ ወይስ ሰንጠረዡ?

የአንድ ፈንክሽን ግራፍ ከታወቀ፣ ቀመሩ ጥቂት ሲነካ ግራፉም ቦታውን ወይም ቅርጹን ይለውጣል። ኤክስ² ላይ 3 ሲደመር ግራፉ 3 ወደ ላይ ይወጣል፤ (ኤክስ − 3)² ሲሆን ደግሞ 3 ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተማሪው ይህን በሕግ ይጀምረው ወይስ ነጥብ በነጥብ የሚለው ሁለት ጸሐፊዎችን ያሟግታል።

ሕጉ ይቅደም

ግራፍ ሥራ የተባለ ተማሪ እጁ ቶሎ የሚሄደው ከ−3 እስከ 3 ወዳለው ሰንጠረዥ ነው። ዋይ = (ኤክስ − 5)²ን በዚያ ሲሠራ 64፣ 49፣ 36፣ 25፣ 16፣ 9 እና 4ን ያገኛል። ነጥቦቹን ሲያያይዛቸው ቁልቁል የሚወርድ አንድ ክንድ ብቻ ይወጣዋል። የግራፉ ጫፍ ያለው 5 ላይ ስለሆነ ሰንጠረዡ አልደረሰበትም። ሰባቱንም ስሌት በትክክል ሠርቶ ፓራቦላውን ሳያየው መቅረቱ ያሳዝናል። ሕጉን የሚያውቅ የኤክስ²ን ግራፍ 5 ወደ ቀኝ ወስዶ ይጨርሳል። ያው ሕግ ለአብሶሉት ቫልዩም ለሳይንም ይሠራል። ማየት ለሚፈልግም እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጂኦጂብራ የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ቁጥሩ ሲለወጥ ግራፉ ሲንሸራተት ያሳያል።

ሰንጠረዡ ይቅደም

ስክሪኑ ግራፉ መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም። መቀነስ ለምን ወደ ቀኝ ይወስዳል? ተማሪውን የሚያስጨንቀው ይህ ነው፣ መልሱም ሰንጠረዡ ውስጥ አለ። ኤክስ² 0፣ 1 እና 4 የሚሰጠው ኤክስ 0፣ 1 እና 2 ሲሆን ነው። (ኤክስ − 3)² እነዚያኑ ዋጋዎች የሚሰጠው ኤክስ 3፣ 4 እና 5 ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ዋጋ 3 ዘግይቶ ይደርሳል፤ በኤክስ መስመር ላይ መዘግየት ማለት ደግሞ ወደ ቀኝ መሄድ ነው። ይህ የገባው ተማሪ ለ(ኤክስ − 5)² ሰንጠረዡን ከ−3 አይጀምርም፤ ቅንፉ 0 የሚሆንበትን 5ን መሃል ያደርጋል።

ሕጉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ የሚወድቀው (2ኤክስ − 6)² ሲመጣ ነው። «2 ግራፉን በግማሽ ያጠብባል፣ 6 ወደ ቀኝ ይወስዳል» ብሎ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲሠራ ጫፉን 6 ላይ ያስቀምጣል። 6ን ቀመሩ ውስጥ ቢያስገባ ግን 36 ያገኛል፤ 0 የሚሰጠው 3 ነው። አንዷን ቁጥር አስገብቶ የመፈተሽ ልማድ የሚመጣው ከሰንጠረዥ ነው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይገለጣል፦ ቀድሞ ማጥበብ ከሆነ ቅንፉ 2(ኤክስ − 3) ተብሎ ተጽፎ ግራፉ 3 ብቻ ይሄዳል፤ ቀድሞ 6 ወደ ቀኝ ከተሄደ ግን የኋላው ማጥበብ 6ን ራሱን አጋምሶ 3 ላይ ያደርሰዋል።