ስድብ ነው ወይስ ስም?

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለጥየቃ በሄድሁበት ቤት ሁለት ወንድማማቾች ሲጣሉ ሰማሁ። ታናሹ በታላቁ ደብተር ላይ ውሃ አፍስሶበት ኖሮ፥ ታላቁ በቍጣ፦ «አንተ ኒያንደርታል!» አለው። ታናሹ የቃሉን ፍች ባያውቅም ስድብ መሆኑን ከድምፁ ተረድቶ አለቀሰ። አያታቸው መቍጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበርና ቀና ብለው፦ «ልጄ፥ ይህ ያልኸው ስድብ ነው ወይስ ስም?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም መልስ አጥቶ ወደ እኔ ተመለከተ። በዚያን ቀን በአጭሩ የመለስሁትን ዛሬ ለአንባብያን ሰፋ አድርጌ ለማቅረብ ወደድሁ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቃሉ በመጀመሪያ የአንድ መምህር ስም ነበረ። ከ1650 እስከ 1680 ዓ.ም. የኖረው ዮአኪም ኒያንደር በጀርመን አገር በዱሰልዶርፍ ከተማ የላቲን ትምህርት ቤት አለቃና የመዝሙር ደራሲ ነበረ። ዱሰል የተባለው ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ መመላለስ ይወድ ስለ ነበረ፥ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ሸለቆው በስሙ ተጠራ። የቤተ ሰቡ የቀድሞ ስም ኖይማን ሲሆን ትርጓሜው «አዲስ ሰው» ማለት ነው። አያቱ ግን የዘመኑን የተማሩ ሰዎች ልማድ ተከትለው ስሙን ወደ ግሪክኛ በመመለስ ኒያንደር አሉት። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ስለ ሆነ፥ ቃሉ በሙሉ ሲፈታ «የአዲስ ሰው ሸለቆ» ይሆናል። ይህን ስም የወረሰው ግን እጅግ የጥንቱ ሰው ነው።

ነገሩም እንዲህ ሆነ። በ1856 ዓ.ም. በዚያ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች ከአንድ ዋሻ ጭቃ ሲጠርጉ ዐፅም አገኙ። የድብ አጥንት መስሏቸው ነበር። ዮሐን ካርል ፉልሮት የተባለ መምህር ግን አይቶ የጥንት ሰው ዐፅም መሆኑን አስተዋለ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ እንዲያውም አንድ የቦን ሊቅ በ1814 ዓ.ም. ጦርነት ታሞ በዋሻው የሞተ የሩስያ ፈረሰኛ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በ1864 ዓ.ም. ዊልያም ኪንግ የተባለ በአየርላንድ የሚያስተምር ሊቅ በሸለቆው ስም ሰየመው፤ ኒያንደርታል የጥንት ሰዎች ስም ሆኖ የቀረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ስሙ ወደ ስድብ የተለወጠው በፍርድ ስሕተት ነው። በ1908 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ላ ሻፔል ኦ ሴን በተባለ ስፍራ አንድ ሙሉ ሊባል የተቃረበ ዐፅም ተገኘ። የፓሪሱ ሊቅ ማርሰሊን ቡል መርምሮ፥ ይህ ፍጥረት ጐባጣና ጕልበቱ የታጠፈ፥ አእምሮውም ደካማ ነው ብሎ ጻፈ። ጋዜጦችና ሠዓሊዎች ይህን ተቀብለው ጠጕራም አውሬ አድርገው ሣሉት። በ1957 ዓ.ም. ሁለት ሊቃውንት ዐፅሙን እንደ ገና ሲመረምሩት ግን ሰውየው የመገጣጠሚያ በሽታ ክፉኛ ያሠቃየው ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሕመምተኛ ጕብጠት ወገኑ ሁሉ ተሰድቦ ኖሯል ማለት ነው። የአንጎላቸውም መጠን ከእኛ የማያንስ ነበረ።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. በሰሜን ኢራቅ በሻኒዳር ዋሻ የተገኘው ዐፅም ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ይህ ሰው ግራ ዐይኑ በምት የተጐዳ፥ ቀኝ ክንዱ የሰለለ፥ እግሩም የሚያነክስ ነበረ፤ ሆኖም ቍስሉ ድኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። ብቻውን ሊኖር አይችልም ነበርና፥ ያበላውና ያገዘው ወገን እንደ ነበረው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በ2010 ዓ.ም. ስቫንቴ ፓቦና ባልደረቦቹ ከአጥንታቸው የዘር ቅንጣት አውጥተው በመረመሩ ጊዜ፥ ከአፍሪካ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ሰውነት ውስጥ ከመቶ 1 እስከ 2 እጅ የሚሆን የእነርሱ ዘር እንዳለ ታወቀ፤ በኋላም በአፍሪካውያን ዘንድ በጥቂቱ መኖሩ ተገለጠ። ፓቦ በ2022 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ ተሳዳቢው የሚሰድበው ከራሱ ቅድመ አያቶች አንዱን ሊሆን ይችላል።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛ የሚያነቡ አንዳንዶች መጨረሻውን ከ«ሰ» ጋራ በሚቀራረብ ድምፅ ያነቡታል፤ የጀርመንኛው ድምፅ ግን «ታል» ነው። በፊደላችን ስንጽፈው ይህ ችግር የለብንም። ደግሞም የጥንት ሰው ሁሉ ኒያንደርታል አይባልም። በ1974 ዓ.ም. በአፋር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት የሌላ ወገን ናት። ኒያንደርታሎች በአውሮጳና በምዕራብ እስያ፥ እስከ መካከለኛው እስያም ኖረው፥ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጠፍተዋል።

በዚያ ቤት ይህን ከተናገርሁ በኋላ አያትየዋ ዝም ብለው ቈዩና፦ «እንግዲያስ አካል ጐዶሎውን ካልጣሉ፥ ስማቸው ለስድብ አይገባም» አሉ። ታላቁ ልጅም ተነሥቶ የወንድሙን እንባ ጠረገለት፤ ደብተሩንም አብረው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ አዲስ ቃል ይዘው ከትምህርት ቤት ሲመጡ ፍችውን ጠይቋቸው። እናንተም ባታውቁት አብራችሁ ፈልጉት።