አውሮፕላኑ የማንን ማሳ ጠጥቶ ይብረር?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄ ጎትቶ ከአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ይዞኝ ገባ። ነገሩ ዎርክሾፕ ነው። ሻይ ቡናው ሞልቷል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ታድሏል፣ ግድግዳው ላይ ክንፉ ቅጠል ያበቀለ አውሮፕላን ተስሏል። ርዕሱ «ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ» ይላል። እኔም እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ተናጋሪው ፈረንጅ አይደሉም፤ የራሳችን ሰው ናቸው። ከንግግራቸው መሃል «አገራችን ሰፊ ጠፍ መሬት አላት፤ ይህን እምቅ ሀብት ለአረንጓዴ በረራ ማዋል ይቻላል» ሲሉ ግን ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጠፍ መሬት! ይህችን ቃል እኔ አውቃታለሁ። ከዚህ ቀደምም እንዲሁ ተሽሞንሙና መጥታ ነበር። ማን ቤት ገብታ ምን አድርጋ እንደወጣችም አይቻለሁ።

በቅድሚያ ግን ነገሩን ላስረዳ። ጉዳዩን ሳያውቅ ይቃወማል ተብዬ እንዳልታማ።

አውሮፕላን የሚጠጣው ኬሮሲን ነው። የሰው ልጅ በዓመት ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.5 በመቶ ያህሉ ከአውሮፕላን ይወጣል። መኪናን በባትሪ መንዳት ይቻላል፤ ባቡርንም እንዲሁ በኤሌክትሪክ። 300 ሰው ጭኖ ውቅያኖስ የሚሻገር አውሮፕላን ግን በባትሪ አይነሳም፤ የባትሪው ክብደት ራሱ መሬት ያስቀረዋል። ስለዚህ ምን ተደረገ? ያገለገለ የምግብ ዘይት፣ የከብት ሞራና ከዘይት ፍሬ የተጨመቀ ዘይት በሃይድሮጅን ተጣርቶ ኬሮሲን መሰል ነዳጅ እንዲሆን ተደረገ። ሞተሩ ልዩነቱን አያውቅም። ከተራው ነዳጅ ጋር እስከ ግማሽ በግማሽ መደባለቅ ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ያለ አንዲት ጠብታ የከርሰ ምድር ነዳጅ ከለንደን ኒውዮርክ በርሯል። «ቅዠት ነው» የሚሉ ካሉ ተሳስተዋል። ይሠራል።

ታዲያ ምን ያስጮህሃል? አትሉኝም! ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ እኮ ያው ነው፤ አልተቀየረም። ጥቅሙ ተክሉ ሲያድግ ከአየር ላይ የሳበውን ካርቦን መልሶ መልቀቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ የሚሠራው ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ጫካ መንጥሮ የተከለ ሰው ካተረፈው ይልቅ ያጠፋው ይበልጣል። በቆሎ ነቅሎ የተከለ ደግሞ ካርቦኑን ይቆጥብ እንጂ ጎረቤቱን አስርቧል። ይህን የሚናገር ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልሰማሁም።

የፈረንጆቹን ችኮላ ልረዳላቸው እችላለሁ። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 በመላው ዓለም የተመረተው የዚህ ነዳጅ መጠን 1 ሚሊዮን ቶን ነው። ይህ ዓለም ከምትጠጣው የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ ነው! ዋጋውም ከተራው ነዳጅ ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በኤርፖርቶቹ ከሚቀዳው ነዳጅ 2 በመቶው፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶው፣ በ2050 እስከ 70 በመቶው ይኸው ንጹሕ የተባለው ነዳጅ እንዲሆን ግድ ብሏል። ሕጉስ ወጣ። ዘይቱ ከየት ይምጣ? የአውሮፓ ድንች መጥበሻ ቤቶች ዘይት ሁሉ ቢለቀም አይበቃም። ዓይን ወደ አፍሪካ መዞሩ ምን ይደንቃል?

እስቲ አብረን እናስላ። ካልኩሌተር አያስፈልግም። ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 7 ሰዓት ያህል ነው፤ 35 ቶን ማለት ነው። አንድ ሄክታር ጉሎ ቀንቶት 1 ቶን ፍሬ ቢሰጥ ከዚያ የሚወጣው ዘይት 450 ኪሎ ቢሆን ነው። ዘይቱ አንድም ጠብታ ሳይባክን ነዳጅ ሆነ እንበል፤ እንዲያ አይሆንም እንጂ። አንዲቷን አውሮፕላን አንድ ጊዜ ለማድረስ የ78 ሄክታር የዓመት ምርት ያልቃል። በወላይታ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ደህና ባለመሬት ነው። እንግዲህ ከ150 በላይ አባወራዎች ዓመቱን ሙሉ አርሰው፣ አርመው፣ ለቅመው አንድ አውሮፕላን ሸኙ። መመለሻዋን አልቆጠርኩም።

ወላይታን ያነሳሁት በዘፈቀደ አይደለም። አጎቴ እዚያ ነበሩ።

በ2000 ዓ.ም ክረምት ልጠይቃቸው ወረድኩ። ያ ክረምት ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ በልጉ ከድቶ ሜዳው ለምለም፣ ጓዳው ግን ኦና የሆነበት ጊዜ ነው። ፈረንጆቹ «አረንጓዴ ረሀብ» አሉት። አጎቴ ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን፣ ስኳር ድንችና በቆሎ የሚያፈራርቁባትን አንድ ጥማድ መሬት በሙሉ ጉሎ ሸፍኖታል። ደንግጬ «አጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንድ ኩባንያ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር መጥቶ ዘሩን በዱቤ እንዳደላቸው፣ ፍሬውን ራሱ እንደሚገዛ፣ ነዳጅ እንደሚሆንና ብዙ ብር እንደሚያስገኝ ነገሩኝ። ውል ፈርመዋል። ውሉ የታለ ብላቸው ሳቁ። «ፊርማው የኔ ነው፤ ወረቀቱ ግን እነሱ ዘንድ ነው» አሉኝ።

ጉሎ መቼም እንግዳ ተክል አይደለም። እናቶቻችን ምጣድ ያሰሱበት፣ ቆዳ ያለሰለሱበት ነው። አጥር ጥግ ሁለት ሦስት እግር መኖሩ ማንንም አይጎዳም። ማሳውን ሲወርሰው ግን ሌላ ነው። ጉሎ መርዝ አለው፤ ሰው አይበላውም፣ ከብትም ፋጉሎውን ቢበላ ይታመማል። በቆሎ ገበያ ቢያጣ ቤተሰብ ይበላዋል። ጉሎ ገበያ ሲያጣ ምን ይደረጋል? የኩባንያው ገዢ በተባለው ጊዜ አልመጣም። ቆይቶ ሲመጣም ዋጋው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጨርሶ ቀረ። የአጎቴ ባለቤት ጎተራውን ከፍተው ያሳዩኝ ግማሽ ድረስ የሞላ ጉሎ ነበር። «ይኸው ጠግበናል» አሉኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። በዚያ ሰሞን ከዘመዶቻቸው እንሰት እየተበደሩ ነበር የሚበሉት።

ያ ነገር የአንድ ተንኮለኛ ኩባንያ ጥፋት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ከላይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። በዚያ ሰነድ ለጃትሮፋና መሰል ተክሎች ተስማሚ የሆነ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት አለን ተባለ። ልብ በሉ! ይህ ያኔ ገበሬያችን በጠቅላላ እህል ከሚዘራው መሬት እጥፍ ገደማ ነው። ከወዴት ተገኘ ይህ ሁሉ ባዶ መሬት? የከብት አርቢው ግጦሽ ባዶ ተባለ፤ ለሦስት ዓመት እንዲያርፍ የተተወው እርሻ ባዶ ተባለ፤ ሴቶች እንጨትና ማር የሚያመጡበት ቁጥቋጦ ባዶ ተባለ። በምሥራቅ ሐረርጌ ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ ከተሰጠው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ሆኖ አረፈው። ዝሆን እንኳ አይታይም እንዴ ጎበዝ? ዝሆን ያልታየው ቢሮክራት የአጎቴን ስኳር ድንች እንዴት ይታየው!

የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታንዛኒያ ኪሳራዌ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ የ11 መንደሮችን 8 ሺህ ሄክታር ገደማ ለጃትሮፋ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራውን አቆመ። መንደርተኛው መሬቱንም ሥራውንም አጣ። የኒውዚላንድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በጃትሮፋ ዘይት ሲበር ዓለም አጨብጭቦ ነበር፤ ፍሬው ከመጣባቸው አገሮች መካከል ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ነበሩ። ጭብጨባው አልቆ ጃትሮፋው ተረሳ። የባቲ ገበሬ ዛሬም ለአጥር ይተክለዋል፤ ድሮም የሚያውቀው በዚሁ ሥራው ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ዙር መጥቷል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሉኝ አይገርመኝም። የጣሊያኑ ኤኒ እ.ኤ.አ. በ2022 ኬንያ ማኩዌኒ ላይ የዘይት መጭመቂያ ከፍቶ የጉሎ ዘይት ወደ ሲሲሊ ማጓጓዝ ጀመረ። በ2023 የኬንያ አየር መንገድ ከዚሁ ኩባንያ በተገኘ ነዳጅ ከናይሮቢ አምስተርዳም በረረ፤ ጋዜጦቹም ጻፉ። በ2024 ግን ትራንስፖርት ኤንድ ኢንቫይሮንመንት የተባለ የአውሮፓ ተቋም ምርቱ ከታቀደው እጅግ ማነሱንና ገበሬዎቹ ቅር መሰኘታቸውን አጋለጠ። የአጎቴን ታሪክ በስዋሂሊ የሰማሁ መሰለኝ።

የአውሮፓ ሕግ እኮ የምግብ ሰብል ለአውሮፕላን ነዳጅ እንዳይቆጠር ይከለክላል፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ነገር ግን በዚያው በ2024 ዝርዝሩን ሲያሻሽሉ «ክፉኛ በተጎዳ መሬት» ላይ የበቀለ የማይበላ ተክል እንዲቆጠር በሩን ከፈቱ። በሩ ይቺ ነች! ከብራስልስ እስከ ቀበሌ ድረስ ማን ነው መሬቱ ተጎድቷል ብሎ የሚፈርመው? መሬቱ ላይ ከብት የሚያሰማራው ሰው ይጠየቃል? ወይስ እንደለመድነው ከሆቴል አዳራሽ ካርታ ላይ ቀለም ይቀባበታል?

ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? እኛው ጭምር ነና! አየር መንገዶች ከአውሮፓ ለሚነሱበት በረራ በዓመት ከሚያስፈልጋቸው ነዳጅ 90 በመቶውን እዚያው እንዲቀዱ ሕጉ ያስገድዳል። የእኛ አውሮፕላን ከቦሌ ጠግቤ መጥቻለሁ ብሎ ማለፍ አይችልም። ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በየትኬቱ ላይ ከ1 እስከ 72 ዩሮ ጨምሯል። ለእናቱ ለቅሶ ከፍራንክፈርት የሚመጣው ልጅ ይከፍላል፤ እዚህ ያለው ገበሬ ደግሞ በማሳው ይከፍላል። ካርቦን የቀነሰ ተብሎ በመዝገብ የሚጻፍለት ግን ሌላ ነው። የአፍሪካ አየር መንገዶች ከዓለም የአየር ትራንስፖርት ያላቸው ድርሻ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም እኮ!

እንግዲያው ነዳጁ ይቅር ነው የምትለው? አይደለም። አየር መንገዳችን በአፍሪካ አንደኛ ነው፤ በሰው አገር ነዳጅ፣ በሰው ዶላር እየበረረ ሊኖር አይገባውም። የገበሬ ማሳ የማይነካ መንገድ ግን አለ። ፊንጫና መተሐራ ከስኳር የሚተርፈውን ሞላሰስ ወደ ኢታኖል ሲለውጡ ኖረዋል፤ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ ቆይቶም 10 በመቶ ሲደባለቅ አይተናል። ኢታኖልን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ የሚለውጥ ፋብሪካ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ሶፐርተን ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመርቋል። አፋር ላይ ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው፣ አንዳንዶች «ወያኔ» የሚሉት እሾሃም ዛፍ (ስሙን እኔ አላወጣሁለትም!) ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ግጦሽ ወርሷል። ጠፍ መሬት ከተፈለገ ያውላችሁ፤ አፋሮቹ ቆርጣችሁ ውሰዱልን ይላሉ እንጂ አይከስሱም። እንጨትን ወደ ጋዝ፣ ጋዝን ወደ ነዳጅ መለወጥ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ከድንጋይ ከሰል ስታደርገው ኖራለች። ቀላል ነው አልልም። አሜሪካ ኔቫዳ ላይ ከቆሻሻ ነዳጅ ሊሠራ የተነሳው ፉልክረም እ.ኤ.አ. በ2024 ከስሮ ፍርድ ቤት ገብቷል። ቢሆንም አንድ ፋብሪካ ቢከስር የሚከስረው ባለሀብቱ ነው። ጉሎው ሲከስር የከሰረው ማን ነበር?

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ጥያቄ አለኝ። ለዚህ ነዳጅ የታሰበ መሬት የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ ውስጥ ነው? መሬቱ «የተጎዳ» መሆኑን ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ተነጋግሮ ወሰነ? ገበሬው ውል ከፈረመ አንድ ቅጂ በሚያነበው ቋንቋ በእጁ ይሰጠዋል? ገዢው ቢቀር ጎተራ የሞላውን ጉሎ ማን ይገዛዋል፤ መንግሥት ነው፣ ባንክ ነው ወይስ ዋስ የሚሆን ሌላ አካል አለ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ በዚያ አዳራሽ እጄን አውጥቼ ጠይቄ ነበር። የመድረኩ መሪ ሰዓታቸውን አይተው «የምሳ ሰዓት ደርሷል» አሉ። በጽሑፍ መመለስ ለሚፈልጉ ይህ ገጽ ክፍት ነው።