ድመትን ከደጋ ወደ ቆላ ስለ ማጓዝ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዛወር ቤተ ሰብ ዕቃውን ሁሉ አስቀድሞ ሲያሰናዳ፥ ድመቲቱን የሚያስታውሳት ብዙ ጊዜ በመነሻው ሰዓት ነው። ያን ጊዜ አሯሩጦ ይዞ በጆንያ መክተትና አፉን ማሰር የተለመደ ነው። እኛ ግን ይህ ልማድ እንዲቀር እንመክራለን፤ በዚህ መንገድ ለድመት ከመኪናው መናወጥ ይልቅ የሚከፋው የአየሩ መለወጥ ነውና።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተፈለፈለው ከጣርማ በር ዋሻ በታች ያለችው ደብረ ሲና ጉምና ብርድ የሚጎበኛት ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ ሸዋ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በቆላው በበጋ ቀትር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ድመትም እንደ ሰው በገላዋ ሁሉ አታልብም፤ የምታልበው በመዳፏ ነው። ስለዚህ በታሰረ ጆንያ ውስጥ ሳለች በሙቀት ልትሞት ትችላለች።

ዝግጅቱ እንዲህ ይሁን። ከአንድ ወር በፊት የእንስሳት ሐኪም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይስጣት፤ በሽታው በውሻ ስም ይጠራ እንጂ ድመትንም ይይዛል፥ በንክሻዋም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ክዳን ያለውና ነፋስ የሚያስገባ ጠንካራ ቅርጫት በቤት ውስጥ ተከፍቶ ይቀመጥ፤ የምትተኛበት አሮጌ ነጠላ ቢነጠፍበት ወዳ ትገባበታለች። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ፥ እንዳታስመልስ ከመነሣት በፊት 4 ሰዓት ያህል ምግብ አይሰጣት፤ ውሃ ግን አይከልከል። እንድትተኛ ብሎ የሰው መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ፓራሲታሞል እንኳ ለድመት መርዝ ነው።

ጉዞው በማለዳ ይሁን። ቅርጫቱ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከዕቃ ጋራ አይጫን፤ ከባለቤቱ አጠገብ ይቀመጥ፥ በመንገድም አይከፈት። መኪናው ሲቆም ድመቲቱን በውስጡ ዘግቶ መውረድ አደገኛ ነው፤ በፀሐይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። አፏን ከፍታ ብታለከልክ ቅርጫቱን ወደ ጥላ ወስዶ ገላዋን በውሃ ማራስና ማናፈስ ያስፈልጋል። ስትያዝ ሰው የነከሰች ወይም የቧጨረች እንደ ሆነ፥ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዲሉ፥ ከደረሰችም በኋላ የቀድሞ ቤቷን ፍለጋ ወጥታ ልትጠፋ ትችላለችና 2 ወይም 3 ሳምንት በቤት ትቆይ። ጎረቤት የአይጥ መርዝ አኑሮ እንደ ሆነም ይጠየቅ፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ትሞታለች። ማሽላና ማሾ በሚከማችበት በይፋት ቆላ አይጥ አይታጣምና፥ በደኅና የደረሰች ድመት ለቤቱ እህል ጠባቂ ትሆናለች።