መስታወቱ ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ ውስጥ የድርብ መስታወት መስኮት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚከሰሰው አስመጪው ነው፤ «የቻይና ዕቃ ነዋ!» ይባላል። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ፊልም የለጠፈበት ሰውዬ ግን ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ነገሩ ምስጢር አይደለም። ጥቁር ፊልም ብርሃን ይውጣል፤ የዋጠው ብርሃን ሙቀት ይሆናል። በሁለቱ መስታወቶች መካከል የታሸገው አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ከውስጥ የተለጠፈበት መስታወት መሃሉ ግሎ ይለጠጣል፤ ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረው ጠርዝ ግን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ስንጥቁ ከጠርዝ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ጠራራ በሆነበት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ይህን አለማስላት ግዴለሽነት ነው። የተሰነጠቀ ድርብ መስታወት ደግሞ አይጠገንም፤ ሙሉው ይቀየራል። ከፋዩ ተከራዩ ሊሆን ይችላል።

«ለሁሉም መስታወት ይሆናል» የሚል ለጣፊ አይታመን። መስታወቱ ቴምፐርድ ነው ወይስ ተራ? ፊልሙ ምን ያህል ሙቀት ይውጣል? አምራቹ ለድርብ መስታወት ፈቅዶታል? ቢሰነጠቅ ማን ይተካል? መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ቀብድ አይከፈል። ጨለማ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ጀርባው ነጭ የሆነ ወፍራም መጋረጃ፣ ከመስታወቱ ራቅ ተደርጎ ሲሰቀል፣ ይበቃዋል።