የዳንስ ራዲዮ ያዋጣ ይሆን?

የዳንስ ሙዚቃ ብቻ የሚያሰማ የንግድ ራዲዮ አያዋጣም የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ ግን ያዋጣል እንላለን። የኒው ዮርኩ ደብልዩ ኬ ቲ ዩ በ1978 እ.ኤ.አ. ለስላሳውን ሮክ ጥሎ ወደ ዲስኮ ቢዞር፣ ለዓመታት አንደኛ የነበረውን ደብልዩ ኤ ቢ ሲን በጥቂት ወራት ውስጥ በአድማጭ ብዛት በለጠው። እርግጥ ነው፣ የዲስኮ ፋሽን ሲያልፍ ጣቢያው ተዳክሞ በ1985 ወደ ሮክ ዞረ፤ በ1996 ግን ስሙ በሌላ ሞገድ ተነሥቶ ዳግመኛ አንደኛ ወጣ። እንግዲህ የጠፋው አድማጭ አይደለም።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ሲያመሽ የሚጨፍረውን ወጣት ገንዘብ ይጠራጠራል (ስለ እኛስ አልተሳሳተም!)። ጣቢያውም ነጋዴውን ላለማስቀየም አዲሱን ትቶ የታወቀውን ዘፈን ይደጋግማል። የለንደኑ ኪስ ኤፍ ኤም ግን ከ1985 ጀምሮ ያለ ፈቃድ፣ ከ1990 ወዲህ በሕግ ሲሠራ፣ አድማጭ ያፈራው ሌሎች የናቁትን በማሰማት ነበር።