ውድ ጫማ የዋጋውን ያህል ይጠቅማልን?



ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ፥ ሊናገረው የፈለገው ነገር እንዳለ ፊቱ ያስታውቅ ነበርና «ምነው ልጄ፥ ምን ሆንህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም «ጋሼ፥ በመሥሪያ ቤቴ ከፍ ወዳለ ሥራ ተሹሜአለሁ። እንግዲህ ከታላላቅ ሰዎች ጋራ መቀመጤ አይቀርምና፥ ለማዕረጌ የሚስማማ ጫማ ለመግዛት አስቤአለሁ። ዋጋው ግን የሁለት ወር ደመወዜ ነው፤ ግማሹን ያበድሩኝ» አለኝ። በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ገንዘብ አጥታ ስትጨነቅ እንደ ነበረ ሰምቼ ነበርና፥ ቶሎ መልስ ለመስጠት አልደፈርሁም። «የዛሬ ሳምንት ተመለስ» ብዬ አሰናበትሁትና ነገሩን ስመረምር ሰነበትሁ። ይህን የመሰለ ክርክር በየቤቱ መኖሩ አይቀርምና፥ ያገኘሁትን ለአንባቢዎቼም ላካፍል ወደድሁ።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ የጫማ ደግነት በሦስት ነገር የሚመዘን መሆኑ ነው፤ እነዚህም ቆዳው፥ ስፌቱና ልኩ ናቸው።

መልካም የወንድ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከጥጃ ቆዳ ይሠራል፤ የቆዳውም የተፈጥሮ ገጽ ሳይፋቅ ይቀራል። ለርካሹ ጫማ የሚውለው ግን ብዙ ጊዜ ጠባሳና ጭረት ያለበት ቆዳ ስለ ሆነ፥ ገጹ በማሽን ይፋቅና በቀለምና በፕላስቲክ ይለበጣል። አዲስ ሳለ ከመልካሙ ይልቅ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን «ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር» እንደ ተባለው፥ ጥቂት ወራት ከተጫሙት በኋላ እግር በሚታጠፍበት ስፍራ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውንም ምንም ቀለም አይመልሰውም። የላይኛው ቆዳ በክሮም ጨው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊለፋ ይችላል፤ ምርጥ የሶል ቆዳ ግን በዛፍ ልጥ ውሃ ለብዙ ወራት እየተነከረ ይለፋል። የዚህ ሁሉ ወራት ድካም ከዋጋው ላይ ይታሰባል።

ስፌቱም ሦስት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው ስፌት የሌለው፥ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው። ሁለተኛው ላይማን ብሌክ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ባወጣው ማሽን የሚሰፋው ነው፤ ክሩ ሶሉን ከውስጥ በኩል በቀጥታ ስለሚይዘው ጫማው ቀጭንና ቀላል ይሆናል፤ ውሃ ግን በቀላሉ ያስገባል። ሦስተኛው የጉድዪር ስፌት ይባላል። በዚህኛው ቀጭን የቆዳ ጠፍር ከጫማው አካልና ከውስጥ ሶሉ ጋራ ይሰፋል፤ መካከሉም በቡሽ ይሞላል፤ የታችኛው ሶል ደግሞ ከጠፍሩ ጋራ በሌላ ስፌት ይያያዛል። ስለዚህ ሶሉ ባለቀ ጊዜ ጫማ ሰፊው ሁለተኛውን ስፌት ብቻ ፈትቶ፥ የጫማውን አካል ሳይነካ አዲስ ሶል ሊሰፋበት ይችላል። ይህ በእጅና በወስፌ ይሠራ የነበረው ጥበብ በማሽን የተሠራው በ1870ዎቹ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ላስቲክን በድኝ አብስሎ ያጠነከረው የቻርልስ ጉድዪር ልጅ በሆነው በታናሹ ቻርልስ ጉድዪር ነው። በዚህ ስፌት ከታወቁት ከተሞች አንዷ የእንግሊዟ ኖርዝሃምፕተን ናት። ጫማ ሰፊነት በዚያ ስንት መቶ ዘመን የቈየ ሥራ ስለ ሆነ፥ የከተማይቱ የእግር ኳስ ቡድን እስከ ዛሬ «ጫማ ሰፊዎቹ» እየተባለ ይጠራል።

ይሁን እንጂ በማሽን የተሠራ ሁሉ የተናቀ ነው ማለት አይደለም። ከሱሪናም የጥቁር እናት ልጅ የነበረው ያን ማትዜሊገር በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ በሊን ከተማ፥ ቆዳውን በፎርማ ላይ የሚወጥር ማሽን አወጣ። ከዚያ በፊት ብልህ የተባለ የእጅ ሠራተኛ በቀን 50 ጥንድ ያህል ሲወጥር፥ ማሽኑ ብዙ መቶ ጥንድ ለመወጠር ቻለ፤ የጫማም ዋጋ እጅግ ረከሰ። ማትዜሊገር በ36 ዓመቱ በ1889 ዓ.ም. ሞተ፤ የድካሙን ፍሬ ግን ባዶ እግሩን ይሄድ የነበረ ብዙ ሰው ተጫማው።

ስለ ልኩ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የአንድ ወር ደመወዜን ከፍዬ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ «የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ሲጫሙት ይለቃል» አለኝ፤ እኔም ማለዳ እግሬ ሳያብጥ ለክቼው አመንሁት። ከሰዓት በኋላ እግር ጥቂት ስለሚያብጥ ጫማን መለካት በዚያን ጊዜ እንደሚሻል አላወቅሁም ነበር። አንድ ሰርግ ላይ እንደ ተጫማሁት እያነከስሁ ተመለስሁ፤ ሁለተኛም አላደረግሁትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው። አንዱ ጫማ 4,000 ብር ቢሆንና በየሁለተኛው ቀን እየተጫሙት በዓመት ቢያልቅ፥ በ10 ዓመት 40,000 ብር ይወጣል። በጠፍር የተሰፋው መካከለኛ ጫማ 14,000 ብር ቢሆን፥ በየሁለት ዓመቱም በ3,000 ብር ሶሉ ቢለወጥ፥ በ10 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይታደሳል፤ ጠቅላላው 26,000 ብር ነው። ስለዚህ ከርካሹ ይልቅ መካከለኛው 14,000 ብር ያተርፋል። ነገር ግን ስመ ጥሩው ጫማ 70,000 ብር ቢሆንስ? ዋጋው ከመካከለኛው አምስት እጥፍ እንደ ሆነ ዕድሜውም አምስት እጥፍ፥ ማለት 50 ዓመት ሊሆን ይገባ ነበር፤ ይህም ሊሆን አይችልም። እስከ አንድ ልክ ድረስ ገንዘብ ቆዳና ስፌት ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለጥቂት ውበትና ለብዙ ስም የሚከፈል ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው በውበቱ ቢደሰት አይነቀፍም፤ «ቁጠባ ነው» ብሎ ራሱን ባያታልል ግን መልካም ነው።

መካከለኛውንም ቢሆን ለመግዛት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማስቲሽ የተጣበቀ ጠፍር ላይ የማስመሰያ ስፌት አድርገው የሚሸጡ ስላሉ፥ ስፌቱ እውነተኛ መሆኑን ሙያ ያለው ሰው ቢያየው ይሻላል። በመርካቶ ሸራ ተራ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ባለእጆች አሉና፥ ከመግዛት በፊት «ይህ ሶል ቢያልቅ ትሰፋልኛለህን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሚያድሰው ሰው ያልተገኘለት ጫማ፥ የቱንም ያህል ቢከብር ዕድሜው የአንድ ሶል ዕድሜ ነው። በክረምት ጭቃም የቆዳ ሶል ቶሎ ይበሰብሳልና የላስቲክ ሶል ይመረጣል።

ጥበቃውም ቀላል ነው። የእግር ላብ እንዲደርቅ አንዱን ጫማ ሁለት ቀን አከታትሎ አለመጫማት፤ የራሰውን ከእሳትና ከፀሐይ አርቆ፥ ውስጡን በወረቀት ሞልቶ በጥላ ማድረቅ፤ ሊስትሮውም ቀለም ከመቀባቱ በፊት አቧራውን ፈጽሞ እንዲጠርግ መንገር ነው። ለወረቀቱ ይህ ጋዜጣ ያገለግላል፤ አስቀድሞ ተነብቦ ሲያበቃ ማለቴ ነው።

በሳምንቱ የወንድሜ ልጅ ተመለሰ። ብዙ ሳልናገር ያን የወጣትነቴን ጫማ ከነሣጥኑ አውጥቼ በፊቱ አስቀመጥሁለት። አገላብጦ አየና «ይህ እኮ አዲስ ነው!» አለ። «አዲስ ነው፤ የአንድ ወር ደመወዝ ከፍዬበት የሄደልኝ መንገድ ከሰርግ ቤት እስከ ቤቴ ነው» አልሁት። ከዚያም ያደረገውን ጫማ አስወልቄ አየሁት፤ ታኮው ከማለቁ በቀር ቆዳው ደኅና ነበር። «ልጄ፥ ለዚህ ታኮ አስለውጥለት፤ የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ ክፈል፤ ከዚያ በኋላ ከየደመወዝህ እየቈጠብህ መካከለኛውን ግዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብህ ለጫማ አላበድርህም። ለልጅህ ክፍያ የጐደለህ ካለ ግን ንገረኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ የጐደለው ምን ያህል እንደ ሆነ ነገረኝ፤ ሰጠሁትም። ብድር ነው አላልሁትም።

ጫማ ከጌጥ አስቀድሞ ጤና መሆኑን ደግሞ አንርሳ። በአገራችን ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ደጋ ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚሄድ ሰው፥ እግሩ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባል በሽታ ሊያብጥ ይችላል፤ ይህንም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። እንግዲህ ስለ ጫማችን ክብር ከመጨነቃችን በፊት፥ በቤታችን የሚያገለግሉን ሁሉ መጫማታቸውን ዝቅ ብለን እንመልከት።

ይቈየን።