አስፈሪ ሲኒማና የላስታ ሌሊት

በመኝታ ቤቶቻችን ከራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ብዙ ነው፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ ተጨምሮበታል። ይኸውም «ከአስፈሪ ፊልሞች ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው የቱ ነው?» የሚል ነው። ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይተላለፋል፤ አምስት ስድስት ሰዎች መብራት አጥፍተው በአንድ አልጋ ላይ ተጠባብቀው ያያሉ፤ በማግስቱም አንዱ «እኔ ምንም አልፈራሁ» ይላል። ያን ሌሊት ሽንት ቤት ብቻውን እንዳልሄደ ግን የፎቁ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እኔም ከእነዚህ ተመልካቾች አንዱ ስለ ሆንሁ የሚመስለኝን ልጽፍ ተነሣሁ። ያስነሣኝ ግን የፊልም ፍቅር ብቻ አይደለም። በሚመጣው ዕረፍት ጥቂት ጓደኞቻችን ወደ ላሊበላ ሄደው በስልካቸው አስፈሪ ፊልም ለመሥራት አስበዋል። ታሪኩን ነግረውኛል፤ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ሌሊት ሌሊት ጅብ እየሆነች ሰው ትበላለች፤ መኖሪያዋም በየምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ካለው አጽም መካከል ነው። የላስታ ልጅ ነህና መንገድ ምራን ብለውኛል። መልሴ እነሆ፤ ሌሎቻችሁም ፍረዱን።

በመጀመሪያ «ጦርነት ባየ አገር ደግሞ አስፈሪ ፊልም ምን ያደርጋል?» ለሚሉት ጥቂት ልበል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላስታ ገብቶ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ መብራትም ጠፍቶ ሳለ፣ እኛ ቤት ማታ ማታ ይወራ የነበረው ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁን? የጅብ ተረት ነበር። አያቴ ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ትናገራለች፤ ትንንሾቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይስቃሉ፤ «ድገሚልን» ይላሉ። ቀን ስለ ሰማነው ተኩስ ግን ማንም አያነሣም። ተኩሱ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ አልነበረምና። ጭራቁን ግን አያቴ በፈለገች ጊዜ ታመጣዋለች፤ በፈለገችም ጊዜ ትሸኘዋለች። እንግዲህ አስፈሪ ታሪክ የጠገበና ሥራ ያጣ ሰው ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ ያን ጊዜ በቤታችን ምድጃ ዙሪያ ቢቀመጥ ኖሮ አይልም ነበር።

ሲኒማ ራሱ በአገራችን የተጀመረው በፍርሃት ነው ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ከቀደሙት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሰየመው። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ከማየት የበለጠ ምን የሚያስፈራ ነገር ነበር? ዛሬ እኛን የሚያስፈራን ሥዕሉ ሳይሆን ከሥዕሉ ጋር የሚመጣው ነው፤ ይልቁንም ጩኸቱ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ላስገባ። አስፈሪ ፊልምን በአማርኛ ትርጉም የሚያይ ሰው ገንዘቡንም ፍርሃቱንም ያጣል። ተርጓሚው ዝም ማለት አይችልምና። ልጅቱ በጨለማ ደረጃ ስትወርድ፣ እኛም ትንፋሻችንን ስንይዝ፣ እርሱ «አሁን ከበስተኋላዋ ሊመጣባት ነው» ይለናል። ለፍቅር ፊልም፣ ለሕንድ ፊልም ይሁን፤ ለዚህ ግን ጸጥታ ግማሹ ሥራ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ለሚያስቸግረው ሰው በመጀመሪያ የምመክረው እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመናዊው ሙርናው የሠራውን «ኖስፌራቱ»ን ነው። ድምፅ የለውም፤ ተርጓሚም አያሻውም። «ድራኩላ» የሚለውን መጽሐፍ ሳያስፈቅዱ ስለ ወሰዱት የደራሲው ሚስት ከሳ ረታች፤ ቅጂዎቹም እንዲጠፉ ተፈረደ፤ ጥቂቶቹ ግን ተረፉ። ሞት ተፈርዶበት በሕይወት የሚዞር ፊልም ከፊልሙ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ተመልከቱ። ጥላው ብቻውን ደረጃ ሲወጣ የምታዩበትን ቦታ ካያችሁ በኋላ ስለ ደም ብዛት የሚከራከረውን ሰው አትሰሙትም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ቱርነር ያዘጋጀው «ካት ፒፕል» ነው። አንዲት ሴት ሌሊት በጎዳና ትሄዳለች፤ ከበስተኋላዋ የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው ድንገት ይጠፋል። ምንም የሚታይ የለም። ከዚያ የአውሬ የሚመስል ድምፅ እስትንፋሳችንን ሲቆርጠው፣ መጥቶ የቆመው አውቶቡስ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት አስፈሪ ፊልሞች ይህችን ብልሃት እየደጋገሙ አሰልችተዋታል፤ ድመት ከቁም ሣጥን ይዘልላል፤ በር ይመታል፤ እኛም እንደ ደንብ እንደነግጣለን። መደንገጥና መፍራት ግን አንድ አይደሉም። ሰው በርበሬ ሸትቶት ቢያስነጥስ አለቀሰ አይባልም።

የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ መርቆሬዎስ መካከል የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባል ረዥም የጨለማ መተላለፊያ አለ። ደንቡ ያለ መብራት ማለፍ ነው። እጅህን በግድግዳው ላይ አድርገህ፣ አናትህ እንዳይመታ ጎንበስ ብለህ ትሄዳለህ። ምንም ነገር አይዘልልብህም፤ ማንም አይጮህም። ግድግዳው ብቻ አያልቅም። ከፊትህ የሚሄደው ሰው ትንፋሽ ሲርቅብህ ነው ፍርሃት ምን እንደ ሆነ የምታውቀው። ከሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው የሚሉም፣ ከዚያ ያንሳል የሚሉም አሉ፤ የሠራው ሰው ግን የሆሊውድ አዘጋጆች ሁሉ ሊማሩበት የሚገባ ነበር። (የስልክ መብራት የሚያበሩ ጎብኚዎች አሉ። ምነው ቀርቶባቸው ከሆቴላቸው ባልወጡ!)

የሂችኮክን «ሳይኮ» ብዙዎቻችሁ ስላያችሁት አልፈዋለሁ። በገላ መታጠቢያው የሚፈሰው ደም የቸኮላት ሽሮፕ እንደ ነበር ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ግቢ ደግሞ ውኃ ሳይቋረጥ ያን ያህል ጊዜ መፍሰሱ ከግድያው ይልቅ ያስገርማል።

ክርክር የሚያስነሣው «ዘ ኤግዞርሲስት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ፍሪድኪን ያዘጋጀው። በአሜሪካ ሰው ከሲኒማ ቤት ራሱን ስቶ ይወጣ ነበር ይባላል። እኛ ዘንድ ግን አጠገቤ የነበረው የቡግና ልጅ ግማሹን ካየ በኋላ «እስካሁን ጠበል ያልወሰዷት ለምንድን ነው?» አለ። አሳቀን፤ ነገር ግን ትክክል ነው። እናቲቱ ልጇን ከሐኪም ወደ ሐኪም ታዞራለች፤ ቄስ የምትፈልገው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለአሜሪካዊው ተመልካች የሚያስፈራው ሰይጣን መኖሩን ማወቁ ነው። በጠበል ቦታ «ለቀቅሁ፣ ወጣሁ» የሚለውን ጩኸት እየሰማ ላደገው ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈራው ልጅቱን ብቻዋን በአልጋ አስረው፣ ዘመድ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ሁለት ቄስ ብቻ መምጣታቸው ነው። ፍርሃትም አገር አለው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ጓደኞቻችን ታሪክ ልመለስ። በጠበሉ ቦታ የሚጠየቀው ርኩስ መንፈሱ ነው፤ የሚናገረውም የራሱን ስም ነው። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ግን በጭስ ታጥኖ ሲለፈልፍ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ማን በላህ?» ይባላል። መልሱም የጋኔን ስም አይደለም፤ የጎረቤት ስም ነው። ብዙውን ጊዜም የሸክላ ሠሪ፣ የአንጥረኛ፣ የፋቂ ወይም የሸማኔ ቤት ስም ነው። በቀድሞው ዘመን ቤተ እስራኤላውያን በአንጥረኝነታቸውና በሸክላ ሥራቸው ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል። ጅብ ተገድሎ በጆሮው ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ጉትቻውን በዐይኔ አየሁ የሚል ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ሁልጊዜ ያየው የሌላ ሰው አጎት ነው። በድስቷ ወጥ የሠራንባት፣ በጀበናዋ ቡና የጠጣንባት ሴት ልጇን ለመዳር የምትቸገረው በዚህ ወሬ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ወሬ በሥዕል፣ በሙዚቃና በቀይ ቀለም አሳምሮ ቢያሳየን፣ ተመልካቹ ከጨረሰ በኋላ መብራት አብርቶ ይስቃል ትሉ ይሆናል። የድራኩላ ተመልካች ይስቃል፤ ትራንሲልቫንያ ሩቅ ናት፤ ጎረቤቱ ቆጥ ላይ የሬሣ ሣጥን የለም። የቡዳው ፊልም ተመልካች ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ነው የሚያልፈው።

ደግሞም የዓለም አስፈሪ ፊልም ምርጦቹ በዚህ ነገር ላይ ቀድመውን አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1931 ጄምስ ዌል የሠራውን «ፍራንከንስታይን» እዩ። ፍጡሩ ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ በሐይቅ ላይ ሲያንሳፍፍ ይውላል፤ አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ይህን ቦታ ሳንሱር ለብዙ ዓመታት ቆርጦት ኖሯል። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ችቦ ይዞ ወጥቶ ፍጡሩ የገባበትን የነፋስ ወፍጮ ያቃጥላል። እኔ ከፊልሙ ሁሉ ያስፈራኝ የችቦው ብዛት ነው። ከዚያ ወዲያ እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሠራው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» አለ። ቤን የሚባለው ጥቁር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ጋር ታግሎ በሕይወት ያድራል፤ ጠዋት ሊያድኑ የመጡት ጠመንጃ ያዦች በመስኮት አይተው ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ይገድሉታል። ማንም አያለቅስለትም፤ ከሬሣዎቹ ጋር ይቃጠላል። ይህን ፊልም በ114,000 ዶላር ገደማ ነው የሠሩት፤ በርእሱ መለወጥ ጊዜ የባለቤትነት ማስታወቂያው ስለ ተዘለለ ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል። የጆርዳን ፒል «ጌት አውት»ም (እ.ኤ.አ. 2017) የዚሁ ዘር ነው።

«ካት ፒፕል»ንም እዚህ ላይ ደግሜ ላንሣ። ከሰርቢያ የመጣችው ኢሬና ወደ አውሬ እለወጣለሁ ብላ ትፈራለች። ልክ እንደ ቡዳ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱን የምናየው በእርሷ በኩል ነው፤ ባሏን እንኳ ለመሳም የምትፈራው እርሷ ናት። የእኛ ጓደኞች አሮጊት ግን በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም፤ ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ትሞታለች።

አጽሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በነጭ ኖራ ተደርቦ የተሠራ፣ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው ንጉሥ ሥራ ነው። ከበስተኋላው የብዙ ሰዎች አጽም፣ አንዳንዱም ቆዳው እንደ ደረቀ፣ ተከምሮ ይታያል። የውጭ አገር ሰው ሲያየው ይደነግጣል። የአገሩ ሰው ግን እነዚህ በዚያ ለመቀበር ተመኝተው ከሩቅ የመጡ ምእመናን ናቸው ይላል፤ ተሳልሞ ያልፋል። በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ጉድጓዶች ያሉትንም እንዲሁ። በላስታ ሌሊት የሚሰማው የመጥረቢያ ድምፅ እንኳ የመናፍስት ሳይሆን የመላእክት ነው፤ ቀን ሰው የጠረበውን ሌሊት እነርሱ ይጨምሩበት ነበር ይባላልና። ከአጽሙ መካከል ጅብ ማስነሣት የቦታውን ሰዎች ማስቀየም ብቻ ሳይሆን ነገሩን አለመረዳት ነው፤ አንድ ሰው ማረፊያዬ ብሎ የመረጠውን ቦታ አስፈሪ አድርጎ መሳል ድካም ነው፤ አይሳካምም።

«ታዲያ የወሎ አስፈሪ ፊልም የቱ ነው?» ብትሉኝ፣ አለ፤ የሚያውቁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን የረሃብ ፎቶግራፍ በግቢው አሳዩ። በዓመቱ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሙዚቃ የለም፤ ድንገት የሚዘልል የለም፤ ኬክና ልጅ ብቻ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይህን ለመዝናኛ አልመክርም። ነገር ግን ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለማወቅ የሚፈልግ ፊልም ሠሪ ይፈልገው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መንገድ መምራቱን እሺ ብያለሁ፤ ታሪኩን ግን ገልብጡት። ካሜራውን ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ጭቃ ስታቦካ፣ ምድጃ ስታነድ፣ ውሻ ሲጮኽ ዝም ብላ ስታዳምጥ እንያት። የታመመው ልጅ ከወዲያ ቤት ስሟን ሲጠራ በግድግዳው በኩል ትስማው፤ እኛም ከእርሷ ጋር እንስማው። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ የችቦ ብርሃን ይግባ። ቀይ ቀለም መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ጅቡንም ከሩቅ ድምፁን ብቻ ቅዱት፤ በላስታ እርሱ በነፃ ነው። ለአሮጊቷም የምትናገረው ቃል ጻፉላት።

መንገዱ ሰላም ከሆነ የምንሄደው በጋሸና በኩል ነው። የጋሸናን ብርድ አውቀዋለሁና ጋቢ ያልያዘ አይምጣ።